ልጄን ላመጣ ሄጄ ማማ ላይ ወጣሁ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት መስከረም ውስጥ ነው። ጠባዬ ደፈር ያለ ነው። ሰው ፊት ቆሞ መናገር አያስፈራኝም፤ በገበያም፣ በለቅሶም፣ በሽምግልናም ድምፄ አይጠፋም። ይህን ግን ከነአንጀቱ ያወራሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አሁን ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። የሚስቅ ይሳቅ፣ እኔም ስቄበታለሁ። ከሳቁ ጋር ግን አንድ የሚቆጠቁጠኝ ነገር አለ፤ እሱንም አልደብቅም።

የጨፋ ገበሬ ነኝ። መሬቴ ከጨፋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ቦርከና ዳር ነው። ማሽላም፣ ጤፍም፣ በቆሎም አመርታለሁ፤ በገበያ ቀን ሰንበቴ ወርጄ ከብት እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ግን ማማዬ ላይ ወጥቼ ጥበቃ ነው ሥራዬ። ወንጭፌን ሳጮኸው ግሪሳው ከሦስት ማሳ ላይ ይነሳል። ዝንጀሮማ ደመኛዬ ነው። አባቴም አያቴም ዝንጀሮ ሲያባርሩ ኖረው ነው የሞቱት። እኛ ዘንድ አዝመራ ውስጥ ዝንጀሮ ሲገባ አይቶ ዝም የሚል ሰው፣ ወይ ታሟል ወይ ማሳው የጠላቱ ነው።

ከሦስት ወንዶች በኋላ ያገኘኋት አንድ ሴት ልጅ አለችኝ፤ ዘሀራ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዕፅዋት ሳይንስ ተማረች። ስትመረቅ፣ “አልሐምዱሊላህ፣ ከሚሴ ሥራ ትይዝና ዓርብ ዓርብ ቤት ትመጣለች” ብዬ ነበር። እሷ ግን ኢሉባቦር፣ ከመቱ አልፎ፣ ጫካ የከበበው ኮረብታ ላይ ያለ የሻይ እርሻ ተቀጠረች። ከእኛ ቤት ሦስት ቀን መንገድ ነው።

አንድ ቀን በስልክ ፎቶ ላከች። ጭቃ ላይ የታተመ ዱካ ነው፤ ከጎኑ የሷ ጫማ አለ። “የነብር ነው፣ ከቢሯችን በር ላይ አልፎ ሄደ” ብላ ሳቅ ጨምራበታለች። እሷ ትሳቅ እንጂ እናቷ ሀዋ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣች። እህል አልበላም አለች። “ልጄን ነብር ሳይበላት አምጣልኝ” እያለች ጠዋት ማታ ትነዘንዘኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሶብኝ ነበር። አንድ ሴት ልጅ ወልዶ በስልክ ማየት ምን ይባላል?

በዚያው ሰሞን ከሚሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በሷ ሙያ ሰው እንደሚፈልግ ሰማሁ። ጠየቅሁ፣ አጣራሁ፣ ማስረጃዋን ይዛ ብትመጣ እንደምታገኘው አረጋገጥኩ። ሰንበቴ ገበያ ላይም፣ ከቆላ የመጡት የአፋር ደንበኞቼ ሳይቀሩ በተሰበሰቡበት፣ “ይዣት ካልመጣሁ ወንድ አይደለሁም!” አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ማሽላው ሳያሸት ደርሼ ልመለስ ብዬ የመንገዱን ሰላም አጠያየቅሁና ተነሳሁ። ሀዋ ለልጇ ቅቤና በሶ ቋጥራ፣ “ዱዓዬ ከናንተ ጋር ነው፤ ሁለት ሆናችሁ ተመለሱ” ብላ ሸኘችኝ። “አብሽሪ፣ አይዞሽ” አልኳት። አዲስ አበባ አንድ ቀን፣ መቱ አንድ ቀን ሆነ። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን አቀበት የእርሻው ትራክተር ላይ ተንጠልጥዬ ወጣሁ።

ሻይ እንደዚያ መሆኑን አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠጣው ኖሬ ዛፍ ይሁን ሣር አስቤው አላውቅም። ኮረብታው ሁሉ ፀጉር አስተካካይ እንደከረከመው ራስ ተስተካክሎ አረንጓዴ ለብሷል። ሴቶች ቅርጫት በጀርባቸው አንግበው፣ ለጋውን ጫፍ ብቻ በሁለት እጃቸው እየቀጠፉ ወደ ኋላቸው ይጥላሉ። ዓይኔ እስኪከተላቸው እጃቸው ይፈጥናል። ሻዩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ደግሞ ጫካው ይጀምራል። ጫካ ስል ዝም ብሎ ዛፍ አይደለም፤ ፀሐይ የማያስገባ ጫካ ነው። ጉሬዛ ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ምንቃሩ ክንድ የሚያክል ወፍ ከራሴ በላይ ሲያልፍ የክንፉ ድምፅ አስደነገጠኝ። ጎሽም አለ አሉኝ። ሀዋ ይህን ብታይ እዚያው ነበር የምትወድቀው።

ሰዎቹ ኦሮምኛዬን ሲሰሙ፣ “ይሄ የወሎ ነው” ብለው ሳቁ። “አካም ጅርቱ?” ሲሉኝ እኔም “ነገያ” እላለሁ፤ ቃሉ አንድ ነው፣ ዜማው ብቻ ይለያል። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ከዘበኛው እስከ ትራክተር ነጂው ሁሉንም ተዋወቅኋቸው።

ዘሀራ ጉልበቷ የሚደርስ ቦት ጫማ አድርጋ፣ ሒጃቧን ወደ ኋላ አስራ እየሮጠች መጣች። አቅፋኝ አለቀሰች። ከስታለች ብዬ ልናገር አስቤ ነበር፤ አልከሳችም። ለሥራ የተሰማሩት ካቦዎች፣ አባቷን የሚያህሉ ሰዎች፣ “ዘሀራ፣ ይሄን እንዴት እናድርገው?” እያሉ ይጠይቋታል። እሷም ትመልሳለች። በልቤ፣ “ይብላኝላቸው፣ በሳምንቱ ትሄድባቸዋለች” አልኩ።

ራት ስንበላ የልጅቷ ወሬ ሁሉ ስለ እርሻው ሆነ። “አባ፣ ነገ ጠዋት ዝንጀሮዎች እዚህ በቤቱ ፊት ለፊት ያልፋሉ። እንዳትደነግጥ። ምንም እንዳታደርጋቸው፣ ምክንያቱ ምን መሰለህ…” ብላ ጀመረች። እኔ የሰማሁት “እንዳትደነግጥ” የሚለውን ብቻ ነው። እኔ? ለዝንጀሮ? “‘መጀመሪያ መቀመጫዬን’ አለች ዝንጀሮ” ብዬ ቀለድኩና ቀጥታ ወደ ከሚሴው ሥራ ገባሁ። የምትከራየውን ቤት፣ የእናቷን ለቅሶ፣ ነብሩን፣ ሁሉንም ደረደርኩ።

በትዕግሥት ሰማችኝ። በመጨረሻ፣ “የሥራ ውሌ የሚታደሰው በዚህ ወር መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ እናወራበታለን አባ” አለችኝ። ላትፈርም ነው ማለት ነው ብዬ ደስ እያለኝ ተኛሁ። በማግሥቱ ሌሊቱ ሳይነጋ ችግኝ ጣቢያ የምትሄድበት ሥራ ነበራት።

ሱብሂ ሰግጄ ወጣሁና ከቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጉም እየተነሳ ነው። ቦታውን እንድታውቁት ልንገራችሁ፤ ከላይ ጫካው፣ ከሥሩ የሻዩ ማሳ፣ ከሻዩ በታች የወንዝ ገደል ነው። ቤቱ ከሻዩ በስተቀኝ ነው። በስተግራ ደግሞ የአካባቢው ገበሬዎች በቆሎ ነው፤ እሸቱ አልፎ መድረቅ ጀምሯል።

ከጫካው አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ብቅ አለ። ትከሻው ላይ ያለው ፀጉር ካባ የለበሰ ያስመስለዋል። ዙሪያውን አየና ሻዩ ውስጥ ገባ። ከኋላው ሌሎቹ ተከተሉ፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ጎረምሶቹ እየተጓተቱ። አርባ ይሆናሉ። በሻዩ መሀል ያለችውን ጠባብ መንገድ ይዘው፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው በሰልፍ ይወርዳሉ።

አንድም የሚያባርር ሰው የለም! ግራ ቀኝ አየሁ። ለቃሚ የለም፣ ዘበኛ የለም። ደሜ ፈላ። ልጄ ቀንና ሌሊት የምትደክምበት ማሳ ዓይኔ እያየ በዝንጀሮ ሊያልቅ ነው። “ይሄ ሁሉ የተማረ ሰው ተሰብስቦ አንድ ማማ መሥራት አቅቶት ነው?” አልኩ።

ፎጣዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ወንጭፍ ባይኖረኝም ፎጣ አጥፌ መወንጨፍ ከልጅነቴ አውቅበታለሁ። የመጀመሪያው ድንጋይ ከመሪው አጠገብ አረፈ። “ሆ! ሆ! ሆይ! ጀልዴሳ!” ብዬ ጮህኩ፤ በኦሮምኛ ዝንጀሮ ማለት ነው፣ የጨፋ ዝንጀሮ በሁለቱም ቋንቋ ነው የሚሰደበው። ትልቁ ዝንጀሮ ቆሞ አየኝ። ወላሂ “ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?” የሚል አስተያየት ነው ያየኝ። ሁለተኛውን ለቀቅሁ፣ ሦስተኛውን ደገምኩ፣ እየጮህኩም ሮጥኩባቸው። እናቶቹ ጮኹ፣ ሰልፉ ተበተነ። እኔ ከቀኝ ስለመጣሁ ሁሉም ወደ ግራ ነጎደ። በአንድ አፍታ ሻዩ ውስጥ አንድም አልቀረ።

እያለከለክሁ ቆምኩ። ዕድሜዬ ስልሳን እየተጠጋ እጄ አልሳተም። ዘሀራ ስትመጣ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት በሐሳቤ ማሳመር ጀምሬ ነበር።

ከዚያ በስተግራ ጩኸት ተሰማ። የሴት ጩኸት ነው፤ ኡኡታ። በቆሎው ሲወዛወዝ አየሁት። ያባረርኳቸው ዝንጀሮዎች በሙሉ በቆሎው ውስጥ ነበሩ። ዝንጀሮ ሲደነግጥ ሆዱን አይረሳም፤ አንዱን እየነከሰ፣ አንዱን እየጣለ፣ አገዳውን እየሰበረ መሀል ለመሀል ተሰማራበት። ሰዎች ከየቤቱ እየወጡ፣ ውሻ ለቀው፣ ቆርቆሮ እየደበደቡ አስወጧቸው። እስኪያስወጧቸው ግን የሦስት ሰው ማሳ ተበላሽቶ አለቀ። ከሁሉም የባሰው የአዴ ዲንቄ ማሳ ነው። አዴ ዲንቄ፣ አዴ እንደ እትዬ መሆኑ ነው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ አዛውንት ናቸው። የተሰበረ አገዳ ይዘው ማሳቸው መሀል ቆመው አየኋቸው።

ዘሀራ ከችግኝ ጣቢያው እየሮጠች ደረሰች። “ማነው የነካቸው? ማነው?” እያለች ትጠይቃለች። ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚያየው። ፎጣው በእጄ ነው፤ አንድ ድንጋይ ገና እጥፋቱ ውስጥ አለ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ማታ ልትነግረኝ የጀመረችውን ያኔ ጨረሰችው፤ በቁጣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ዝንጀሮ የሻይ ቅጠል አይበላም። ጣዕሙ አይስማማውም፣ አንዲት ቅጠል አይቀጥፍም። መንጋው በየጠዋቱ ሻዩን አቋርጦ ወደ ወንዙ ገደል የሚወርደው መንገድ ስለሆነበት ብቻ ነው። ቀድሞ የእርሻው ዘበኞች በውሻ ያባርሩት ነበር፤ በተባረረ ቁጥር እየተበተነ በቆሎ ውስጥ ይገባል። ገበሬውም ከእርሻው ጋር ጠበኛ ሆኖ ኖረ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማሳ ያስጠብቃል። ይህን አጥንታ “አትንኳቸው፣ መንገዳቸውን ልቀቁላቸው፣ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ” ያለችው ዘሀራ ናት። ዘበኞቹንም ገበሬዎቹንም ለምና አስማማች። ጠዋት በዚያ ማሳ ላይ ለቃሚ የማይሰማራው ለዚሁ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ የበቆሎ ራስ አልጠፋም ነበር።

እኔ በሦስት ድንጋይ አፈረስኩት።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ደህና ሰው ነው፣ አልተሳደበም። “ስምምነቱ ያንቺ ነው፤ ያፈረሰው ያንቺ እንግዳ ነው። ከሰዓት ገበሬዎቹ ይሰበሰባሉ። እነሱ በቃን ካሉ የኔም እጅ የለበትም፤ ውልሽን ላድስልሽ አልችልም” ብሏት ሄደ።

ዘሀራ ወደ እኔ ዞረች። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። “እንኳን ደስ ያለህ አባ” አለችኝ። “አሁን ይዘኸኝ ትሄዳለህ።”

የሚቆጠቁጠኝ ነገር ይኸው እዚህ ጋ ነው። ያን ስትለኝ ደስ አለኝ። ለአፍታ ነው፤ ዓይን እስኪርገበገብ። ሀዋ በር ላይ ቆማ ስትቀበለን ታየኝ፤ ሰንበቴ ላይ አንገቴን ቀና አድርጌ ስሄድ ታየኝ። የልጄ ድካም እግሬ ሥር ወድቆ፣ የአሮጊቷ በቆሎ ተሰብሮ እያየሁ ልቤ ደስ አላት። ከዚያ ራሴን ታዘብኩት። ያ ረቢ፣ እንዲህ ያለ አባት ነኝ እንዴ?

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው። ዝሁር ስሰግድ ሐሳቤ እየተበታተነ ሁለቴ ደገምኩት።

ስብሰባው አንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ነበር። ገበሬዎቹ ተናገሩ፤ እውነታቸውን ነው። አንዱ፣ “ዛሬ የሷ አባት፣ ነገ ደግሞ ሌላ እንግዳ ይመጣል። ልጆቻችንን ከትምህርት እናስቀርና እንደ ድሯችን እንጠብቅ” አለ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘሀራ ከፊት ተቀምጣለች፣ አትከራከርም። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ አባቷን በሰው ፊት ላለማዋረድ ዝም ማለቷ ገባኝ። አንድ ቃል፣ “ነግሬው ነበር” ብትል ነፃ ትወጣ ነበር። አላለችም።

ተነሳሁ። በኦሮምኛ ነው የተናገርኩት፣ በወሎ ዜማዬ፤ ያን ቀን ግን የሳቀ የለም።

“እናንተ ሰዎች፣ ይቺ ልጅ ትናንት ነግራኛለች” አልኩ። “አትንካቸው ብላኛለች። ጆሮ የነፈግኋት እኔ ነኝ። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ገበሬ ነኝ፤ ማሳ ሲጠፋ አንጀት ምን እንደሚል አውቃለሁ። አንድ ነገር ደግሞ አልዋሻችሁም። እዚህ የመጣሁት ልጄን ከናንተ ነጥቄ ልወስዳት ነው። ብታባርሯት ለኔ ይመቸኝ ነበር። ግን በኔ ጥፋት እንድትወጣ አልፈልግም። ቅጣቱ የኔ ይሁን። በቆሎው እስኪሰበሰብ እዚህ እቀመጣለሁ፣ ማማ ሠርቼ የሦስቱንም ማሳ እጠብቃለሁ። ዝንጀሮዎቹን መንገዳቸው ሳልመልስ አገሬ አልገባም። ያን ጊዜ ፍረዱ። አሁን አትፍረዱባት።”

ተቀመጥኩ። የሽምግልና ልምዴ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

ሁሉም ወደ አዴ ዲንቄ አየ፤ የተጎዱት እሳቸው ናቸውና። አሮጊቷ ጥቂት አሰቡና፣ “ያስገባቸው እሱ ነው፣ እሱ ያስወጣቸው” አሉ። ቀጥለው ደግሞ ጣታቸውን ቀስረው፣ “ድንጋይ ግን እንዳላይብህ!” አሉኝ። እዚያ ላይ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዘሀራ ግን አልሳቀችም።

በማግሥቱ እንጨት ቆርጬ በሻዩና በበቆሎው መሀል ማማ ሠራሁ። ጥሩ ማማ ነው የሠራሁት፣ የጨፋ ማማ፤ ሰው እየመጣ ያደንቀው ነበር። ሥራው ግን እንደ ጨፋ አይደለም። ዘሀራ ያዘዘችኝ፣ ዝንጀሮዎቹ ሲወጡ ቀጥ ብዬ እንድቆምና እንዲያዩኝ ብቻ ነው። አልጮህም፣ አልወነጭፍም። ወደ በቆሎው ካዘነበሉ እጄን ዘርግቼ ሁለት እርምጃ ወደነሱ እሄዳለሁ፤ ከተመለሱ እኔም እመለሳለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ሲጮህ ለኖረ ሰው ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ሞክሮ ያየ ይፍረደኝ። በቆሎው ዳር የተንጠለጠለች ግልገል ዝንጀሮ ሳይ እጄን ይበላኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከጫካው ጭራሽ አልወጡም። በኋላ መሪው ብቻውን ብቅ እያለ፣ ማማውን እያየ ይመለሳል። እኔና እሱ ተፋጥጠን እንውላለን። በዘጠነኛው ቀን ሻዩ ውስጥ ገባ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ አየኝ፤ እኔም ቆሜ አየሁት። ከዚያ ፊቱን አዙሮ በድሮው መንገዱ ቀጥ ብሎ ወረደ። ሌሎቹም ተከተሉት። አንዱም ወደ ግራ አላለም። “አላሁ አክበር!” ብዬ ልጮህ ነበርና አፌን በእጄ ያዝኩት።

ከማማው ላይ ሌላም ነገር አየሁ። ልጄን አየኋት። ቤት ውስጥ እያለች እኔ የማውቃት ዘሀራ ውሃ አቀብዪ ሲሏት የምታቀብል፣ ሲቆጧት ዓይኗን የምትሰብር ልጅ ናት። እዚያ ግን ከኮረብታ ኮረብታ በእግሯ ስትወርድ፣ ቅጠል ገልብጣ ስታይ፣ ለቃሚዎቹ ሲታመሙ ቅርጫታቸውን ተሸክማ ስትወጣ፣ ከካቦ ጋር ተከራክራ ስትረታ አየሁ። አንድ ቀን ዝናብ መሀል እየዘፈነች ስታልፍ ሰማኋት፤ ማማው ላይ መኖሬን ረስታለች። ልጄ ቤት ውስጥ ዘፍና አታውቅም። ያን ጊዜ የከሚሴው ሥራ ነገር ከልቤ ወጣ። ማንም አልመከረኝም፣ በራሱ ጊዜ ወጣ።

በአጠቃላይ አሥራ ስምንት ቀን ቆየሁ። በቆሎው ሲሰበሰብ ከሰው እኩል ሸለቀቅሁ፣ ተሸከምኩ። የተረፈው ካሰብነው በላይ ነበር። አዴ ዲንቄ ሲሰናበቱኝ የቡና አበባ ማር በቅል ሞልተው ሰጡኝ፤ “ለሚስትህ ስጥልኝ፣ ልጇ እኛ ጋ ደህና ናት በላት” አሉኝ። ሥራ አስኪያጁም የዘሀራን ውል አደሰላት። እሷ ፈረመች፤ እኔም ስትፈርም ቆሜ አየሁ። ስትሸኘኝ ትራክተሩ ላይ እስክወጣ እጄን አልለቀቀችም፤ ሆኖም ስለዚያ ጠዋት ሁለታችንም አላነሳንም።

ቤት ስደርስ ሀዋ ከደጅ ቆማ ከኋላዬ ሰው ትፈልጋለች። “ልጄስ?” አለች። “ልጅሽ ሥራ ላይ ናት” አልኳት። ማልቀስ ጀመረች፤ የሆነውን ሁሉ ስነግራት ለቅሶው ወደ ሳቅ ዞረ፤ ከዚያ ደግሞ ተቆጣችኝ። ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን፣ “በጥር እኔ ራሴ እሄዳለሁ፣ ያን ሁሉ ጫካ ልየው” አለች። ሄደችም። ሰንበቴ ላይማ ምን ይወራል! “ወንድ አይደለሁም ያልከው አንተ ነህ ወይስ ወንድምህ?” እያሉ ከብት እስክሸጥ አላስቀምጥ አሉኝ። “እኔ ነኝ፣ ምን ትሆኑ?” እላቸዋለሁ። አላፈርኩም።

ያቺ የአፍታ ደስታ ግን እንደ እሾህ ውስጤ ቀረች። ለሀዋም አልነገርኳት። ወራት ካለፈ በኋላ አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ እንደወጣሁ ለዘሀራ ደወልኩላት። “ልጄ፣ ያን ቀን ይዘኸኝ ትሄዳለህ ስትዪኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ” አልኳት።

“አውቃለሁ አባ” አለችኝ። “ፊትህ ላይ አይቼዋለሁ። ለዚህ ነው ከሰዓት ዋንዛው ሥር ስትነሳ ዓይኔን የጨፈንኩት። ልጄን ስጡኝ ልትል መስሎኝ ነበር። መናገር ስትጀምር ነው የገለጥኩት።”

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ልጄ እኔን ፈርታ ዓይኗን የጨፈነችበት ሰዓት በመኖሩ ያመኛል፤ ምንም ቢሆን አይጠፋም። ስትገልጠው ከጎኗ ቆሜ ስላገኘችኝ ግን ደስተኛ ነኝ።